ከስትሮክ በኋላ ሳህኑን ማን ያያል?

ስትሮክ የመታውን አዛውንት ልንጠይቅ ስንሄድ ዐይናችን የሚያርፈው እጅና እግሩ ላይ ነው። ቆመ ወይ? አንደበቱስ ተፈታ? እንላለን። ሰሞኑን ምን ያህል እንደበላ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ሱሪው ወገቡ ላይ ሲሰፋ፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲንጠለጠል «በሽታው ነው» ብለን እናልፋለን። ብዙ ጊዜ ረሃብ ነው፤ ምግብ ባለበት ቤት የሚደርስ ረሃብ።

ይህን የምጽፈው ከባቱ ነው። ደንበል ሐይቅ ደጃችን ላይ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣው ከመረብ እንደወጣ ይሸጣል። ሕመምተኛው ቤት ስንገባ የምናገኘው ግን ቀጭን አጥሚት ነው።

አንዱ ምክንያት ክልከላው ነው። ሐኪሙ «ጨው ቀንሱ» ይላል፤ ልክ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለማንኛውም አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል። ምክሩ ቤት ሲደርስ ግን ይበዛል፤ ጎረቤት እንቁላሉን ይከለክላል፣ ዘመድ ሥጋውን። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር አረጋውያን ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት 60 ግራም መሆኑ ነው። ኩላሊታቸውን የሚታመሙ ሐኪማቸውን ይጠይቁ እንጂ፣ ለሌላው ውሃ የበዛበት አጥሚት ይህን ከየት ያመጣል?

ከዚህ የከፋው የመዋጥ ችግር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ ለመዋጥ ይቸገራሉ። ቀጭን ፈሳሽ ደግሞ ከወፍራሙ ይልቅ በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧ ያመልጣል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። አንዳንዱ ትን ይለዋል፤ አንዳንዱ ምንም ሳያስል ያልፍበታል። ስለዚህ አጋድሞ ማጠጣት ይቅር። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። በፍቅር የምናጎርሰው ትልቅ ጉርሻም ለእነሱ አደጋ ነው፤ ትንሽ፣ ዝግ ብሎ፣ የፊተኛው መዋጡን አይቶ።

ልቤን የሚነካው ግን የማዕዱ ነገር ነው። የግራ አንጎል ሲመታ የሚደክመው ቀኝ እጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ንግግሩም አብሮ ይሄዳል። በግራ እጅ መጉረስ ነውር በሆነበት አገር ያደጉ አባት መሶቡ ዙሪያ እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ፤ «ጨምሩልኝ» የሚሉበት ቃልም የላቸውም። እኛም ጠገቡ ብለን እናነሳለን። ለብቻቸው ሳህን፣ ማንኪያ፣ አጠገባቸው የማይቸኩል ሰው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ስትሮክ ሲመታቸው ጀምሮ በምግብ እጥረት ሰውነታቸው የተጎዳ ሕመምተኞች የከፋ ዕጣ እንደገጠማቸው አሳይቷል። ለሁሉም በጅምላ ተጨማሪ ምግብ መስጠቱ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ማን እንደተጎዳ መለየት ይቀድማል ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሚዛን ይበቃል። ጤና ጣቢያ ሕፃን ሲመጣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ነፍሰ ጡሯም ትመዘናለች። ለግፊት ክትትል የሚመጡት አዛውንትስ ለምን አይመዘኑም? በ3 ወር ከ3 ኪሎ በላይ መቀነስ ሊያስደነግጠን ይገባል። መቆም ለማይችሉት የእግራቸውን ባት በሜትር መለካት ይቻላል፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሰውነታቸው እየከሳ ነው።

መዋጥ የሚችሉ ከሆነ እናቶቻችን የሚያውቁት ገንፎ፣ ማርቃው፣ ከአጥሚቱ ይሻላል፤ ለስልሶ፣ ወተት ወይም እንቁላል ገብቶበት። ቆሮሶውም አጥንቱ በጥንቃቄ ከተለቀመ በኋላ ደቅቆ በሽሮ ይቀርባል። አቅም ያነሰው ቤት ወፈር ያለ ሽሮና ባቄላ አለው።

የቀረን የጾሙ ነገር ነው። ብዙ አረጋውያን ታመው እንኳ አንበላም ይላሉ፤ ልጅ ቢለምን አይሰሙም። የታመመ እንዳይጾም ክርስትናውም እስልምናውም መንገድ አላቸው። የንስሐ አባታቸው ወይም ሼካቸው አልጋው አጠገብ መጥተው ራሳቸው ይንገሯቸው። ቤተ ዘመድ ዛሬውኑ ይጥራቸው፤ ጾሙ እስኪገባ አይጠብቅ።