አሮጌ ቁልፍና አዲስ ሌባ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ መምህር ባልንጀራዬ በደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ያቆማትን አሮጌ ዲኤክስ ቶዮታ ከፍቶ ሲገባ፣ በኋላ ወንበር ያስቀመጠውን የተማሪዎች ፈተና አጣውና ደነገጠ። ለካ መኪናዪቱ የሌላ ሰው ኖራለች! መልኳ አንድ ስለ ሆነ ተሳስቶ በገዛ መክፈቻው ከፍቷታል። ባለቤቱ ደርሶ፣ «ጌታዬ፣ የእርስዎ ወዲያ ናት» ቢለው ሁላችንም ሳቅን። ማታ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ የእርሱ መክፈቻ የሌላውን ከከፈተ፣ የሌላውም የእርሱን ሊከፍት ይችላልና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በበሩ ቁልፍ ውስጥ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በሞላ ተገፍተው ተደርድረዋል። የመክፈቻው ጥርስ ሁሉንም ሲያስተካክላቸው ቁልፉ ይዞራል። አቧራና ዘመን ጥርሱንም ቅጠሉንም ሲበላቸው ግን ባዕድ መክፈቻም ያዞረዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከተበላ መክፈቻ ሌላ ማስቀረጽ ስሕተቱን ማባዛት ነው። የሚሻለው ቁልፉን ከነመክፈቻው መለወጥ፣ መሪውን የሚያስር ቁልፍም መጨመር ነው። ወፍራም ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ፣ ቀዳዳውን በደቀቀ የእርሳስ ዱቄት ማለስለስ ይበጃል።

ምዕራብ ጀርመን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የመሪ ቁልፍ በአዲሱም በአሮጌውም መኪና እንዲገባ ስታደርግ ስርቆቱ ቀነሰ። እንግሊዝ በ1971 በአዲሶቹ ብቻ ብትጀምር፣ ሌባው ወደ አሮጌዎቹ ዞረ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ይህችን አሮጌ ማን ይሰርቃታል?» አትበል። ሌባ የሚቀለውን ይመርጣል።

ባልንጀራዬ ሰኞ ዕለት ቁልፉን አስለወጠ፤ የፈተናውን ወረቀት ግን አሁንም በብብቱ ይዞ ይዞራል።