መልስ ያልተሰጠው እምቢታ

የሕዝብ እንደራሴዎች መክረውና ተከራክረው ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጥ ድምፅ ያጸደቁትን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የአገሩ ርእሰ ብሔር «አልፈርምም» ብሎ በመለሰው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህ አንድ ሰው ማን ሆኖ ነው የብዙዎችን ቃል የሚያስቀር ብሎ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኔን ግን ከዚያ ይልቅ ዘወትር የሚከነክነኝ የወዲያኛው ወገን ነገር ነው፤ ይኸውም እንደራሴዎቹ ሕጉ ከነምክንያቱ ተመልሶ በመጣላቸው ጊዜ ምክንያቱን አንብበው ምን መለሱ የሚለው ነው። ለዚህም በቱርክ አገር፣ በፕሬዚዳንት አሕመት ነጅደት ሴዘር ዘመን ከሆነው የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም። (ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሴዘር ከጦር ሰፈርም ከፖለቲካ ማኅበርም ያልወጡ፣ ዕድሜያቸውን በችሎት የፈጁ፣ የሕገ መንግሥቱን ፍርድ ቤት በበላይነት ሲመሩ ቆይተው በ2000 በፓርላማ ድምፅ ለሰባት ዓመት የተመረጡ ዳኛ ነበሩ። በሥልጣን ላይ ሳሉ መኪናቸው በቀይ መብራት እንደ ማንኛውም ዜጋ መኪና እንድትቆም ማዘዛቸው በአገሩ ሁሉ ተወርቶላቸዋል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የእኛ ተረት እንዲህ ያለውን ሰው አይመለከትም። ግትርነታቸውም የዚያኑ ያህል ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2001 በብሔራዊ የጸጥታ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሙስናን ስለ መመርመር በተነሣ ክርክር ተቆጥተው የሕገ መንግሥቱን ትንሽ መጽሐፍ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ቡለንት ኤጀቪት ወረወሩ። ኤጀቪት ስብሰባውን ጥለው ወጥተው ቅሬታቸውን ለጋዜጠኞች በተናገሩ ጊዜ፣ ቀድሞውንም ይንገዳገድ የነበረው ገበያ ወደቀ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ መንግሥቱ የሊራውን ምንዛሪ መያዝ አቅቶት ለቀቀው። መጽሐፍ መወርወር፣ ያውም ሕገ መንግሥት፣ ከዳኛ የሚጠበቅ ምግባር አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም።

የማሻሻያው እምቢታ መጀመሪያ የመጣው በ2002 መጨረሻ ነው። በኖቬምበር ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ መሪ ረጀብ ጣይብ ኤርዶጋን በአደባባይ ባነበቡት ግጥም ምክንያት ተፈርዶባቸው ስለ ነበር እንደራሴ እንዳይሆኑ ሕጉ ይከለክላቸው ነበር፤ ስለዚህ ፓርላማው በሩን የሚከፍትላቸውን ማሻሻያ ፈጥኖ አጸደቀ። ሴዘር፣ ሕገ መንግሥት ለሁሉ የሚደነገግ እንጂ ስለ አንድ ሰው ተብሎ የሚለወጥ አይደለም ብለው ዲሴምበር 19 መለሱት። ፓርላማው በስምንተኛው ቀን ያንኑ ጽሑፍ እንዳለ መልሶ አጸደቀው። በዚህ ጊዜ ለፕሬዚዳንቱ የቀረላቸው ወይ መፈረም ወይ ለሕዝበ ውሳኔ ማቅረብ ነበር፤ እሳቸውም አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ ዲሴምበር 31 ፈረሙ። ኤርዶጋን በማርች 2003 በሲርት በተደረገው ምርጫ አልፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እኔ ያን ፊርማ ከእምቢታው አስበልጬ አከብረዋለሁ፤ ሐሳባቸው ሳይለወጥ ሕጉ ባዘዘው መሠረት መፈረማቸው፣ ቀድሞ እምቢ ያሉትም ሰውዬውን ጠልተው ሳይሆን ሥራቸው ስለሆነ መሆኑን ያስመሰክርላቸዋልና።

ታላቁ እምቢታ ግን በ2007 መጣ። የሴዘር ዘመን ሊፈጸም ሲቃረብ ገዢው ፓርቲ አብዱላህ ጉልን ለፕሬዚዳንትነት አቀረበ፤ የመጀመሪያው ድምፅ በተሰጠበት በኤፕሪል 27 ሌሊት ጦሩ የማስጠንቀቂያ ቃል አወጣ፤ ከአራት ቀን በኋላም የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት፣ በአዳራሹ 367 እንደራሴዎች መገኘት ነበረባቸው ብሎ ድምፁን ሻረ። በዚህ የተቆጣው ፓርላማ ሜይ 10 ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ ራሱ ይመርጣል፣ ዘመኑም አምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ሊመረጥ ይችላል አለ። ሴዘር ሜይ 25 መለሱት። የሰባት ዓመት ዘመናቸው ካለቀ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፤ ተተኪ እስኪመረጥ ድረስ ሕጉ በመንበሩ ባያቆያቸው ኖሮ እምቢ የሚል ፕሬዚዳንትም ባልነበረ።

የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር፣ እኔ እንደምረዳው፣ የሚከተለው ነው። በፓርላማ ሥርዓት በሚተዳደር አገር መራሔ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሆን፣ ርእሰ ብሔሩ ከወገን ርቆ ሚዛን ይጠብቃል፤ ይህን ሚዛን ጠባቂ በየከተማው ቅስቀሳ አድርጎ፣ ተስፋ ሰጥቶ፣ የሚሊዮኖችን ድምፅ ይዞ እንዲመጣ ካደረጉት ግን ገለልተኛነቱ ይቀራል፤ በእጁ ያለው ሰፊ ሥልጣንም ሳይቀነስ የሕዝብ ምርጫ ሲጨመርበት፣ አንድ መንግሥት ሁለት ራስ ያበቅላል።

የሴዘርን አቋም ንጹሕ አድርጌ ላቀርበው አልሻም። በዚያው ኤፕሪል ለጦር አካዳሚው ባሰሙት ንግግር ሪፐብሊኩ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ አደጋ አልገጠመውም ማለታቸው፣ ከጦሩ ሌሊታዊ ማስጠንቀቂያ ጋር በአንድ ወገን የቆሙ አስመስሏቸዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ የፈሩትን ሰፊ ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው ራሱ ሲጠብቁት የኖሩት የ1982ቱ ሕገ መንግሥት መሆኑ ነው። ያን ሕግ በ1980 ሥልጣን የያዙት ጄኔራሎች ያስጻፉት ሲሆን፣ የጁንታው መሪ ኬናን ኤቭረን ፕሬዚዳንት የሆኑት ሕጉ በጸደቀበት በዚያው ድምፅ ነበር። ዳኞችን መሾም፣ የዩኒቨርሲቲ መሪዎችን መምረጥ፣ ሲያስፈልግም የሚኒስትሮችን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት መሰብሰብ፣ ይህ ሁሉ ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠው በመንበሩ ላይ ዘወትር የእነሱ ወገን የሆነ ሰው ይቀመጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ስለዚህ ሴዘር ያመለከቱት አደጋ እውነተኛ ቢሆንም፣ አደጋውን ያደለበው እሳቸው የቆሙበት ወገን ነው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 መሠረት ፕሬዚዳንቱ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል፤ ሕገ መንግሥት በሚሻሻልበት ጊዜም ስለ ፕሬዚዳንቱ የተነገረ ነገር የለም። ዝም ማለት የሚፈቅድ ሥርዓት ለሁሉም ይቀላል። የቱርኩ ግን እምቢ ባዩን ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ በጽሑፍ የቀረበ ምክንያት አንባቢ ካገኘ ሊታረም፣ ሊሻሻል፣ ወይም በሌላ ምክንያት ሊረታ ይችላልና።

በአንካራ ግን አንባቢ አላገኘም። እንደራሴዎቹ ከሁለት መንገድ አንዱን መያዝ ይችሉ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ ይምረጠው ካሉ ሥልጣኑን መቀነስ፣ ሥልጣኑ ይኑር ካሉ ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትሩና በእሱ መካከል ወሰን ማበጀት። እነሱ ግን በስድስተኛው ቀን፣ ሜይ 31፣ ያንኑ ጽሑፍ አንዲት ነጥብ ሳይለውጡ መልሰው አጸደቁት። ሴዘር በዚህ ጊዜ ግን አልፈረሙም፤ ማሻሻያውን ለሕዝበ ውሳኔ ላኩት፤ ጉዳዩንም ለሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አቀረቡት፣ እሱ ግን ውድቅ አደረገው፤ ሕዝቡም በኦክቶበር 21 ከመቶ ወደ 69 በሚጠጋ ድምፅ ተቀበለው። ሕዝብ መሪውን ራሱ መምረጥ መፈለጉ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሁለቱ ራሶች ጥያቄ ግን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በ2014 ኤርዶጋን በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሕመት ዳውቶግሉ ከእሳቸው ጋር ሳይስማሙ ቀርተው በ2016 ወረዱ፤ በ2017 ሕዝበ ውሳኔ በጠባብ ድምፅ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ በ2018 የጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ራሱ ተዘጋ።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዚያው በ2007 መጸው የሆነው ነው። በጁላይ አዲስ ፓርላማ ተመርጦ፣ በኦገስት መጨረሻ ጉል በእንደራሴዎች ድምፅ አሥራ አንደኛው ፕሬዚዳንት ሆነው ሴዘርን ተክተዋል፤ ለሕዝበ ውሳኔ የተላከው ጽሑፍ ግን አሥራ አንደኛውን ፕሬዚዳንት ሕዝቡ ይመርጣል ይል ነበር። ስለዚህ በሜይ ለፕሬዚዳንቱ ምክንያት ሲባል ቃል አይነካም የተባለው ማሻሻያ፣ የድምፁ ቀን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በውጭ የሚኖሩ ቱርካውያንም በድንበር ኬላዎች ድምፃቸውን እየሰጡበት ሳለ፣ ያ አንቀጽ ተሠርዞለት ተሻሻለ። በጥድፊያው የጉል ዘመን በአሮጌው ሕግ ሰባት፣ በአዲሱ አምስት ዓመት መሆኑን የሚወስን ቃል ማስገባት ተረሳና፣ በ2012 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሰባት ነው ብሎ ነገሩን እስኪቆርጠው ድረስ፣ አገሩ ፕሬዚዳንቱ መቼ እንደሚወርድ በእርግጥ ሳያውቅ ዓመታት አለፉት።