ይህ ተክል ዘምባባ አይደለም

ፕሌኖ ውስጥ በየደጃፉ በአበባ መትከያ የምታዩት፣ ሱቆች «ሳጎ ፓልም» ብለው የሚሸጡት ተክል የሆሳዕና ዕለት በራሳችን ላይ የምናስረውን ዘምባባ ይመስላል። ወላጆቻችሁ «ዘምባባ» ቢሉት አይፈረድባቸውም። ግን ዘምባባ አይደለም። «ሳይካድ» የሚባል በጣም ጥንታዊ ወገን ነው። አበባ የለውም፤ እንደ ጥድ ኮን ያወጣል። የትውልድ አገሩ ደቡብ ጃፓን ነው።

ለመለየት ቅጠሉን ዳስሱት። ጠባብና ጠንካራ፣ ጫፉ የሚወጋ፣ ጠርዙም ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ ሳጎ ነው። ሰፋ ያለና እንደ ካርቶን የሚሻክር ከሆነ የሜክሲኮው ዘመዱ ዛሚያ ነው።

የመርዙን ነገር ላስቀድም። ሁለቱም ከቅጠል እስከ ሥር መርዛም ናቸው፤ ፍሬያቸው ደግሞ ይብሳል። ውሻ ቢያኝከው ጉበቱ ይጎዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ውሻ ወይም የሚድኽ ሕፃን ካለ፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ተክሉን ከማዳን በፊት ከቤት ማራቅ ይቀድማል።

አሁን ወደ ሕመሙ። ግንዱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቢደርቅም ተስፋ አለው። ከለሰለሰና ከሸተተ በስብሷል።

ብርድ ይጎዳዋል። በፌብሩዋሪ 2021 በዳላስ-ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ፋራናይት ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለውን ብርድ ደጅ የቀረ ሳጎ አይችለውም። ውርጭ ሲተነበይ ጋራዥ ውስጥ አስገቡት።

መትከያ ውስጥ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ውሃ ነው። የፕሌኖ መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ ማለት ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው፤ የኢትዮጵያ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ከጓሮ ቆፍራችሁ መትከያው ውስጥ ብትጨምሩት ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል። አሸዋ ወይም ፐርላይት የበዛበት አፈር ቀይሩለት። ጥቁርና ለስላሳ የሆነውን ሥር ቁረጡ። ዝንጅብል የመሰለ ጉብታ ካያችሁ ግን አትንኩት! በሽታ አይደለም፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙለት ጥቃቅን ሕያዋን ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት።

የቅጠሉ ቀለምም ይናገራል። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ከሆኑ እርጅና ወይም የማግኒዥየም እጥረት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቅጠል ቢጫና የተጨማደደ ሆኖ ከወጣ ግን ማንጋኒዝ ጎድሎታል። ማግኒዥየምና ማንጋኒዝ፦ ስማቸው ይምታታል፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረው ኤፕሰም ሶልት ማግኒዥየም ነው፤ ለተጨማደደው ቅጠል አይረዳም። ለእሱ ማንጋኒዝ ሰልፌት ግዙ፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ።

የተጨማደደው ቅጠል ተመልሶ አይቃናም። ሳጎ ብዙውን ጊዜ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ትንሽ አረንጓዴ የቀረውን ቅጠል «አስቀያሚ ነው» ብላችሁ አትቁረጡት። አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ተክሉ የሚመገበው በእሱ ነው።