ፍሬኑ ያዘብኝ፤ በሦስት እግር ልንዳ?

«የምጽፍላችሁ ከእንጅባራ ነው፤ ስሜ ይቅር። በእቁብ ገንዘብና በእህቴ ብድር የገዛኋት አሮጌ አውቶሞቢል አለችኝ። በእሷ ከዳንግላ እንጅባራ ሰው አመላልሳለሁ። ሰሞኑን የፊት ቀኝ እግሯ እየጋለ ይሸታል፤ መሪውም ወደዚያው ይጎትተኛል። ጎማውን ፈትቼ ባየው ሸራው ከቦታው ተጣብቋል፣ የካሊፐሩ ብሎንም ንቅንቅ አልል አለ። አንድ መካኒክ “ቱቦውን ላፍንልህና በሦስቱ እግር ትሠራለህ” አለኝ። ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል እንግዳ ይበዛል። ያን ሰሞን ካልሠራሁ የእህቴን ብድር በምን እመልሳለሁ? ላሳፍነው ወይስ ምን ይሻለኛል?»

ወንድማችን፣ ኧረ አታሳፍነው! መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የፊት እግሮች ናቸው። ቀኙን ካፈንከው፣ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር መኪናዋ ወደ ግራ ትዞርብሃለች። ወደ ግራ ማለት ደግሞ ከፊት ለፊትህ ወደሚመጣው አይሱዙ ማለት ነው። የልጓሙ አንድ ወገን ተበጥሶ ሳለ ፈረሱን ጥር 23 ሜዳ የሚያወጣ የአገው ፈረሰኛ አይተህ ታውቃለህ? ያውም እሱ የሚጭነው ራሱን ብቻ ነው፤ አንተ የምትጭነው ምንም የማያውቅ ተሳፋሪ ነው። እህትህን «ሁለት ሳምንት ታገሺኝ» ማለት ይቀላል።

እንዲህ ያለው ችግር ለእናንተ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። እንጅባራ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቱን ዝናብና ጭቃ የማይለያት ከተማ ናት። የሸራው ጆሮ የሚቀመጥበት ብረት ይዝግና ሸራውን ቆልፎ ይይዘዋል። አዲስ አበባ የምትመላለስ መኪና ደግሞ ከጎሃ ጽዮን አባይ ድልድይ ድረስ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ፍሬን እየረገጠች ስትወርድ ጎሚኒው በሙቀት ይደርቃል። ከተሰነጠቀ ውኃ ይገባል፣ ከዚያ ዝገት ነው። (የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም አትሳቁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በርክታችኋል፤ የእናንተን መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆማት ሞተሩ ስለሆነ ሸራው ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ፍሬን ደግሞ ይዝጋል።)

ብሎን ከመታገልህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። ሜዳ ቦታ አቁማት፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ በክሪክ ካነሳህ በኋላ ጠንካራ ማቆሚያ አስገባ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ከዚያ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጋት። ዘይት ፊጭ ብሎ ዲስኩ በእጅ መዞር ከጀመረ ጥፋቱ የካሊፐሩ አይደለም፤ የጎማው ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን አልመልስ ብሏል ማለት ነው። ቱቦ ትቀይራለህ፣ በቃ። አሁንም ካልዞረ ሸራው፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ወይም ፒስተኑ ይዟል።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ ጥረግ፤ አቧራውን ግን በኮምፕረሰር አትንፋው። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። ብሎኑ ላይ ደብልዩ ዲ 40 ረጨት አድርገህ ቢቻል አሳድረው። ዲስኩንና በዚያው የሚቀጥለውን ሸራ እንዳይነካ ተጠንቀቅ። በማግስቱ ራሱን በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው፣ በልኩ በሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ያዘው። መጀመሪያ ትንሽ ወደሚጠብቅበት፣ ከዚያ ወደሚፈታበት፤ ወዲያና ወዲህ እያልክ አባብለው። ጉልበት ካበዛህ ይበጠሳል።

ሸራው አልወጣ ካለ ደግሞ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ክፈትና በዲስኩና በሸራው መሃል ካቻቢቴ አስገብተህ ፒስተኑን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ግፋው። ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ እያየህ፤ ቀለም ይልጣል። ካሊፐሩ ሲወጣ በቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ እሰረው። ዲስኩን የያዘችው ባለ መስቀል ብሎን ራሷ ከተላጠች አታልቅስ። ራሷን በመሰርሰሪያ ብታጠፋው መኪናዋ አትፈርስም፤ ጎማው ሲገጠም ዲስኩን አጥብቀው የሚይዙት የጎማው ዳዶዎች ናቸው።

በእሳት እናሙቀው የሚል ሰው ከመጣ አመስግነህ ሸኘው፤ ጎሚኒውም ቱቦውም ይቃጠላል። በናፍጣ እንጠበው የሚለውንም እንዲሁ። ተራ ግሪስ ፒኑ ላይ ከቀባህ ላስቲኩ ያብጥና ከወር በኋላ መልሰህ ትጽፍልናለህ፤ ለፍሬን ተብሎ የተሠራውን ግሪስ ጠይቅ። ሸራ ስትቀይር የቀኙንም የግራውንም አንድ ላይ ቀይር። ማስወጫዋን ከፍተሃልና አየር እንዳይቀር አስወጣ፣ ዘይቱንም ሙላ፤ የክዳኑ ጽሑፍ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚለውን ተመልከት።

ሁሉን ገጥመህ ስትጨርስ፣ ሞተር አስነስተህ ከመንቀሳቀስህ በፊት ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ስንቱ ከጋራዥ በር ሳይርቅ አጥር የገባው በዚህ ነው። ሙከራህ ሜዳ ላይ፣ ያለ ተሳፋሪ ይሁን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተህ ስትመለስ እጅህን ወደ ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች አስጠጋ፣ አትንካ። ቀኙ አሁንም ከግራው ይበልጥ ከጋለ ፒስተኑ ዝጓል ማለት ነውና ካሊፐሩን ፈትቶ ጎሚኒ ለሚቀይር ጋራዥ ስጠው፤ እስከዚያ ድረስ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ሰው አትጫን።