የአንበሳው ሃይንሪሽ ውድቀትና የእናቶቹ ርስት

የሳክሶኒና የባቫሪያ መስፍን የነበረው «አንበሳው» ሃይንሪሽ ውድቀቱ ዘወትር የሚተረከው እንደ ሁለት ወንዶች ጠብ ነው። በ1176 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ ባርባሮሳ ለጣልያን ዘመቻው ጦር እንዲያዋጣለት የአጎቱን ልጅ ሃይንሪሽን በኪያቬና እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው ይባላል። ሃይንሪሽ እምቢ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሌኛኖ ድል ተነሣ፤ ከአራት ዓመት በኋላም መስፍኑ ሁለቱንም ግዛቶቹን ተነጠቀ።

ትረካው ልብ ይሰቅላል። ይሁን እንጂ ሳክሶኒን ለሁለት የከፈለው የአፕሪል 1180 የጌልንሃውዘን ሰነድ ስለ ኪያቬና አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሚያነሣው ሃይንሪሽ የአብያተ ክርስቲያናትንና የመኳንንትን ነጻነት መርገጡን፣ ንብረታቸውን መንጠቁን፣ ተጠርቶም ከችሎት መቅረቱን ነው። ከከሳሾቹ አንዱ የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ ነበር፤ የምዕራቡን ክፍል የወሰደውም እርሱው ነው።

ከውድቀቱ ይልቅ ግን ቤቱ ከውድቀቱ መትረፉ የበለጠ ምርምር ይሻል። ሁለቱ ግዛቶች የንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ስለነበሩ የሰጠ ሊነሣቸው ቻለ። ብራውንሽቫይግና ሉነቡርግ ግን የቤተ ሰቡ የራሱ ንብረት ነበሩና ሃይንሪሽ በ1181 በኤርፉርት ምሕረት ሲለምን ተመለሱለት። (የአማርኛው የጉልትና የርስት ልዩነት ፍጹም አቻ ባይሆንም ነገሩን ለመረዳት ይቀርባል።) ይህ ርስት የመጣው በሴቶች በኩል ነው፦ ብራውንሽቫይግ ከእናቱ ከጌርትሩድና ከአያቱ ከሪኬንዛ፣ ሉነቡርግ ደግሞ ከአባቱ እናት ከቩልፍሂልድ። ስለዚህ የሃይንሪሽን የትውልድ ሐረግ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እየቆጠሩ መጻፍ ከቤቱ ታሪክ ዋነኛውን ክፍል መጣል ነው።

ሃይንሪሽ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ባሠራው ታላቅ የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ እርሱና ሚስቱ ማቲልዳ ከሰማይ በተዘረጉ እጆች ዘውድ ሲደፋላቸው ይታያል፤ ከኋላው አባቱ ብቻ ሳይሆን እናቱ ጌርትሩድ፣ ንጉሠ ነገሥት ሎታርና ሪኬንዛ፣ ከማቲልዳ ኋላ ደግሞ አባቷ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛና አያቷ ማቲልዳ ቆመዋል። መጽሐፉ በ1983 ለንደን ላይ በጨረታ በ32.5 ሚሊዮን ማርክ ሲሸጥ ብዙ የተወራው ስለ ዋጋው ነበር፤ ሥዕሉ የሚመሰክረው የዘር ቆጠራ ግን ከዋጋው ይበልጥ ሊያነጋግር በተገባ።

በ1168 የተፈጸመው የማቲልዳ ጋብቻም ጌጥ አልነበረም። ሃይንሪሽ በ1182 ሲሰደድ የተጠጋው አማቱን ነው። በስደት ሳሉ በ1184 በዊንቸስተር ቪልሄልም ተወለደ፤ የመጨረሻው ልጅ ስለነበር ያን ጊዜ ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። ይሁንና ንጉሠ ነገሥትነት የደረሰው ወንድሙ ኦቶ 4ኛ በ1218 ያለ ልጅ ሞተ፤ የበኩሩ የሃይንሪሽ ወንድ ልጅም ከአባቱ ቀድሞ አለፈ። የወንዱ ዘር የቀጠለው በስደተኛው ልጅ በኩል ብቻ ሆነ።

በእርግጥ ሃይንሪሽ ሳክሶናውያን መኳንንትን ባያስቀይም ኖሮ የሚስቱ አባት መጠጊያ ባላስፈለገውም ነበር፤ ዝምድና ጥፋቱን አያስተሰርይለትም። ሆኖም በ1235 በማይንዝ የቪልሄልም ልጅ ኦቶ የወረሰውን ርስት ለንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ 2ኛ አስረክቦ መልሶ በግዛትነት ሲቀበለው፣ የብራውንሽቫይግና ሉነቡርግ መስፍን ተባለ። ፍሪድሪሽ 2ኛ የባርባሮሳ የልጅ ልጅ ነው፤ በ1714 የእንግሊዝን ዙፋን የያዘው ጆርጅ 1ኛም የዚሁ ኦቶ ዘር ነው።