ባሕር ዳር 1 ሰዓት፣ አምበር ስንት?

የአውሮፕላን ትኬት ስንቆርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለን ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር መልሱ ቀላል ነው፤ 1 ሰዓት ገደማ። አያቶቻቸው አምበር ለሚኖሩ ልጆች ግን ስሌቱ እንዲህ አይቀናም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በቀጥታ መስመር ቢለካ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ግን 300 ገደማ ይሆናል። መንገዱ ተራራውንና ገደሉን እየተከተለ ይዞራላ! ጎሐ ጽዮንና ደጀንን ተመልከቱ። በአየር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው። መኪናው ግን ወደ አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ለመውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። አምበር የምትገኘው ከዚያ ወዲያ፣ ደብረ ማርቆስ ከመድረሱ በፊት ነው።

«ታዲያ ለምን በአውሮፕላን አንሄድም?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን በካርታ ላይ በማስመሪያ ብታገናኙ መስመሩ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ደግሞ ከአምበር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ልጆቹ በግራው መስኮት እያዩ «አያቴ ጋ ደረስን?» ቢሉ አልተሳሳቱም። አውሮፕላኑ ግን አያወርዳቸውም። ባሕር ዳር ወርደው፣ በእንጅባራ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ደብረ ማርቆስንም አልፈው ነው አምበር የሚገቡት። አየር ማረፊያ ቀድሞ መገኘቱና ሻንጣ መጠበቁ ሲደመርበት፣ በማለዳ ከአዲስ አበባ በመኪና የወጣ ሰው ቀድሟቸው ቡና ይጠጣል።

የደብረ ማርቆስ አየር ማረፊያ ነገር በጉጉት ሲጠበቅ የቆየውም ለዚህ ነው። 180 ኪሎ ሜትር በአየር የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነውና።

በባሕር ዳር መዞሩ የሚያዋጣው፣ በእኔ እምነት፣ የአባይ ጠመዝማዛና ሙቀት ለሚያማቸው እናት ወይም አባት ብቻ ነው። እሱም ባሕር ዳር አድሮ በማግስቱ መንገድ ለሚቀጥል።

ስሌቱ ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ሲመጣ ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። (ሲመለሱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚቸግረው ሎሜን በመሰለ ከተማ ወርዶ ይሞላል። የፊት ለፊት ነፋስም አለበት።) ልጅ በስልክ «ነገ እገባለሁ፣ ቀብሩን አቆዩልኝ» ሲል የሚቆጥረው ይህን 13 ሰዓት ነው። አገር ቤት ያሉት ደግሞ ቃሉን ይዘው ድንኳን ተክለው ይጠብቃሉ፤ ዘመድ ከሩቅ ቀበሌ ተጠርቷል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል። ከቦሌ አምበር ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ግን አልተቆጠረም።

ስለዚህ ለወንድም፣ ለእህት ስትደውሉ አምበር የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሯቸው፤ ቦሌ የምትደርሱበትን አይደለም። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከዚያው ካሉት ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ከወረዳችሁ አዲስ አበባ እደሩ፤ አባይን በጨለማ መውረድ ለደከመ ሰው አይሆንም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የተነሳ መኪና ረፋዱ ላይ ደጀን ላይ ነው።