ቁጥሩ እውነት ነው፤ መስፈሪያውስ የማን ነው?

በገበያችን የቆየ አንድ ጠብ አለ፤ ይኸውም የቁና ጠብ ነው። ነጋዴው እህል ሲገዛ የሚሰፍርበት ቁና ሰፋ ብሎ፣ ሲሸጥ የሚሰፍርበት ደግሞ ጠበብ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ገበያተኛው «አባይ ሚዛን!» ብሎ ይጮኻል፤ ዳኛም ይጠራል። ዛሬ በከተማ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ የምናየው የታሸገ ምግብ ይዞት የመጣው የመስፈሪያ ነገር ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በማሸጊያው ላይ የታተመው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ተመዝኖና ተሰልቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሸማቹ የሚጮኽበት ነገር አያገኝም። የሚያሳስተው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የተቆጠረበት መስፈሪያ ነውና።

ይህ መስፈሪያ በእንግሊዝኛ አጠራር «ሰርቪንግ» ይባላል፤ እኛ «የአንድ ጊዜ ድርሻ» ብንለው ያስኬዳል። በብስኩት፣ በድንች ቺፕስ ወይም በለስላሳ መጠጥ ላይ «ካሎሪ ይህን ያህል፣ ስኳር ይህን ያህል፣ ሶዲየም ይህን ያህል» ተብሎ ሲጻፍ፣ በብዙ አገሮች የሚነገረው በእጅ ስለ ተያዘው እሽግ በሙሉ ሳይሆን ስለዚሁ ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻውም የእሽጉ ግማሽ፣ ወይም ሲሶ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሸማቹ ግን የገዛው እሽጉን ነው፤ የሚበላውም እሽጉን ነው።

የነገሩን አካሄድ ለመረዳት የዩናይትድ ስቴትስን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። የዚያ አገር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ምግብ መግለጫ ጽሑፍ ሕግ አወጣ፤ ከ1994 ጀምሮም አብዛኛው የታሸገ ምግብ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ እንዲታተምበት ሆነ። ሕጉ ድርሻን የሚተረጉመው «ሰው ሊበላው የሚገባው መጠን» ብሎ ሳይሆን «ሰው በልማድ የሚበላው መጠን» ብሎ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን የልማዱ ማስረጃ ሆኖ የተወሰደው የአመጋገብ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት የተሰበሰበ ስለ ነበረ፣ ከጊዜ በኋላ ገበታው ሌላ፣ ሠንጠረዡ ሌላ ሆነ። ጠርሙሱ እያደገ ሄደ፤ ድርሻው ግን ባለበት ቆሞ ቀረ።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በዚያ አገር አንድ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ብቻውን የሚጨርሰው 591 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ ለብዙ ዘመን ሁለት ተኩል ድርሻ እንደ ያዘ ሆኖ ሲጻፍበት ኖሯል። በሠንጠረዡ ላይ 100 ካሎሪ አንብቦ የጠጣ ሰው ጠርሙሱን ባዶ ሲያደርግ የጠጣው ወደ 250 ካሎሪ ገደማ ነው። ስኳሩም እንዲሁ ነው። በአንድ ድርሻ 26 ግራም የተባለው፣ በጠርሙሱ ሲቆጠር 65 ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር መሠረት፣ በቀን 2,000 ካሎሪ የሚመገብ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከ50 ግራም ባይበልጥበት፣ ይልቁንም ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ይሻለዋል። እንግዲህ የቀኑን ልክ በአንድ ጠርሙስ አልፎ ሄዷል፤ የተነበበው ቁጥር ግን ገና ከግማሽ ብዙም እንዳልራቀ ይነግረዋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የዜሮ ነገር ነው። በአሜሪካው ደንብ፣ በአንድ ድርሻ ውስጥ ያለው ስኳር ከግማሽ ግራም ያነሰ እንደ ሆነ «0 ግራም» ተብሎ እንዲጻፍ ይፈቀዳል። ስብም እንዲሁ ነው፤ ካሎሪም ከ5 በታች ከሆነ ዜሮ ይባላል። ስለሆነም ድርሻውን ማሳነስ የቻለ፣ ዜሮን ማግኘት ይችላል ማለት ነው። ቲክ ታክ የተባለችው ትንሽ ከረሜላ የአንዲቱ ፍሬ ክብደት ግማሽ ግራም ስለማይሞላና አንዲቱ ፍሬ እንደ አንድ ድርሻ ስለተቆጠረች፣ በውስጧ ካሉት ነገሮች ቀዳሚው ስኳር ሆኖ ሳለ ለብዙ ዓመታት «ስኳር 0 ግራም» ተብሎ ተጽፎባታል። በመጥበሻ ላይ የሚረጨው የቆርቆሮ ዘይትም ድርሻው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ርጭት ስለሚለካ፣ ከዘይት የተሠራ ሆኖ ሳለ «ስብ 0» ይባላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕግ የጣሰ የለም። ሕግ ሳይጣስ እውነት የጠፋበት መሆኑ ነው የሚያስገርመው።

አሜሪካኖቹ ይህን ጉድለት አይተው እ.ኤ.አ. በ2016 ደንቡን አሻሻሉ፤ ታላላቆቹ አምራቾች ከ2020፣ ታናናሾቹም ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ እንዲፈጽሙት ተወሰነ። የለስላሳ መጠጥ ድርሻ ከ240 ወደ 360 ሚሊ ሊትር፣ የአይስ ክሬምም ከግማሽ ኩባያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ከፍ አለ። ባለ 591ዱ ጠርሙስም እንደ አንድ ድርሻ ተቆጥሮ እንዲጻፍ ሆነ። ከሁለት እስከ ሦስት ድርሻ የሚይዘው እሽግ ደግሞ የአንዱን ድርሻና የእሽጉን ሁሉ ቁጥር ጎን ለጎን እንዲያሳይ ታዘዘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። የሆነ ሆኖ አንድ ሌላ እንቅፋት አላጣውም። «ድርሻ» የሚለው ቃል በሰው ጆሮ የሐኪም ምክር ይመስላልና፣ የድርሻው መጠን ሲያድግ «ይህን ያህል ብላ ተባልኩ» ብሎ የሚተረጉመው አይጠፋም።

የአውሮፓ ኅብረት የመረጠው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣውና የምግብ ይዘቱን ሠንጠረዥ ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ ግዴታ ባደረገው ደንብ መሠረት፣ ይዘቱ በመጀመሪያ የሚጻፈው በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምራቹ ድርሻን መጨመር ቢፈልግ ከዚያ ጎን ያደርገዋል። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። መቶ ግራም የማንም ሻጭ ቁና አይደለም፤ አይሰፋም፣ አይጠብም። ሁለት ብስኩት ጎን ለጎን ተይዞ የትኛው ስኳር እንደሚበዛበት ባንድ አፍታ ይታወቃል። በእርግጥ አምራቾች «ቅቤና ድልህ በመቶ ግራም የሚበላ የለም፤ ቁጥሩ ሸማቹን በከንቱ ያስደነግጠዋል» ሲሉ የሚያቀርቡት ክርክር እውነትነት አለው። ደግሞም ግማሽ ሊትር ለሚጠጣ ሰው የ100 ሚሊ ሊትር ቁጥር ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ነው የሚነግረው። ስለዚህ መቶ ግራም ለማወዳደር፣ ሙሉው እሽግ ደግሞ ለመወሰን ያገለግላሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ቺሊ በበኩሏ ስሌቱን ከሸማቹ ትከሻ ላይ አንሥታዋለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ከተወሰነው ልክ ያለፈ ስኳር፣ ሶዲየም፣ የረጋ ስብ ወይም ካሎሪ ያለበት የታሸገ ምግብ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት በፊቱ ላይ ይታተምበታል። ጥቁሩን ምልክት ለማየት ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ በእኛ ዘንድ ምግብ በመሶብ ዙሪያ በአንድነት የሚበላ ነው፤ ጉርሻም ቁጥር የለውም። ነገር ግን በልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ብስኩት፣ ተማሪ በማታ ቀቅሎ የሚበላው ኢንዶሚ፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ለስላሳ በመሶብ አልመጣም፤ ታሽጎ ነው የመጣው። ሸማቹም ማሸጊያውን ሲያገላብጥ በአብዛኛው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የአገልግሎቱ ጊዜ አላለፈም ወይ? የጾም ነው ወይ? ማየቱ ደግ ነው። ከእንግዲህ ግን ሦስተኛ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ ይህ ቁጥር የተቆጠረው በምን ያህሉ ነው?

ጥያቄው ለቅንጦት የሚጠየቅ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበትን አባት እናስብ። ልጁ «አባዬ፣ ይህ እንኳ ስኳሩ ትንሽ ነው» ብሎ ሲሰጠው የግማሹን እሽግ ቁጥር ያነበበ እንደ ሆነ፣ አባትየው ሙሉውን በልቶ በልጁ ፍቅር ይጎዳል። የደም ግፊት ያለባትም እናት እንዲሁ ናት። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ሶዲየም በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም እንዲያንስ ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ነው። በአንድ የፓስታ እሽግ ላይ «በድርሻ 800» ተብሎ ቢጻፍና እሽጉ ሁለት ድርሻ ቢሆን፣ እርሷ በአንድ ሳህን 1,600 በላች ማለት ነው። ጠንቃቃው ሰው በጥንቃቄው ሲጎዳ ከማየት የሚያሳዝን ነገር የለም።

በአገራችን የምግብን ደኅንነት የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የታሸገ ምግብ ገበያችን ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ በአገር ውስጥ በሚመረተውም ሆነ ከውጭ በሚገባው ላይ ሦስት ነገሮች ጸንተው ቢያዙ መልካም ነው። አንደኛ፣ ይዘቱ ሁልጊዜ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ በሚጨርሰው እሽግ ላይ የእሽጉ ሁሉ ቁጥር አብሮ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ማንም በድርሻ ማሳነስ የተገኘ ዜሮ አይጻፍ። ጽሑፉም ሸማቹ በሚያነበው ቋንቋና ዓይን ሊለየው በሚችል ፊደል ይሁን።

እስከዚያው ድረስ ሸማቹ አንዲት ትንሽ ሒሳብ ይልመድ። በማሸጊያው ላይ ስንት ድርሻ እንዳለ ይመልከት፤ የስኳሩን ወይም የሶዲየሙን ቁጥር በዚያው ያባዛው። ከዚያ በኋላ መብላትም መተውም የራሱ ፈንታ ነው። አባቶቻችን በገበያ የሻጩን ቁና አገላብጠው፣ ታቹን መትተው ነበር የሚገዙት። እኛም ማሸጊያውን አገላብጠን እንግዛ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ነገሩ ዛሬ ቢታሰብበት ነገ በሐኪም ቤት ደጃፍ ከመሰለፍ ይሻላል።